«ለልጄ ነው» እያልኩ 15 አመት ጋራዥ ያቆየኋት መኪና

ሰላም እትዬ እንደምን ኖት። የእርስዎን አምድ የምታነበው ባለቤቴ ናት፣ እኔ እሷ ጮክ ብላ ስታነብ ነው ከጎን የምሰማው፣ ስለዚህ ይሄ ደብዳቤ ከወጣ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ማን እንደፃፈው ታውቃለች፣ ትወቅ በቃ።

54 አመቴ ነው፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው የምንኖረው፣ ብዙ አመት ታክሲ ነድቼ አሁን ትራክ ላይ ነኝ። ጋራዣችን ውስጥ የ1972 ዳትሰን 240ዚ አለች። አለች ስልዎት ቦዲዋ ጎማ የለውም አራት የብረት መቆሚያ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሞተሯ ለብቻው ጥግ ላይ፣ የቀረው ደግሞ 31 ካርቶን ውስጥ ነው። ከገዛኋት 15 አመት ሆነኝ፣ አንድ ቀን ነድቻት አላውቅም።

ለምን ዳትሰን ይሉ ይሆናል። ልጅ እያለሁ አጎቴ ከናይሮቢ ሲመለስ የግድግዳ ካላንደር አምጥቶልን ነበር፣ እሱ ላይ ጭቃ በጭቃ የሆነች ቀይ መኪና፣ ኮፈኗ ጥቁር። በ1971 የኢስት አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ የሚባለውን የመኪና ውድድር ያሸነፈችው እሷ መሆኗን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፣ በ73 ደግሞ ሼካር ሜህታ የሚባል ነጂ በዚችው ሞዴል ደገመው። የኛ አህጉር መንገድ ላይ ነው ስሟ የወጣው ማለቴ ነው፣ እዚህ ያሉ ፈረንጆች ስለሷ ሲያወሩ ይሄን ሲዘሉት ያናድደኛል። ካላንደሩ አመቱ አልፎም ሳሎን ተሰቅሎ ቆየ፣ እኔም ሱማሌ ተራ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኜ ስገባ እሷን አንድ ቀን እፈታታለሁ ብዬ አስብ ነበር፣ መፍታቱ ተሳክቶልኛል ማለት ነው።

2010 ላይ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ከኤርፖርት ወደ ቤቱ ስወስደው ወሬ ጀመርን፣ ጓሮዬ አንድ አለች አለኝ፣ ሄጄ አየኋት፣ ሸራ ለብሳ 19 አመት ቆማለች። በ2,200 ዶላር ሰጠኝ። ልጄ ያኔ ሁለት አመቱ ነው። ባለቤቴን «ለሱ እኮ ነው፣ 18 ሲሞላው ቁልፉን እሰጠዋለሁ» አልኳት፣ ስቃ እሺ አለች።

ሞተሩ ነክሶ አይዞርም ነበር። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በስድስቱም ቀዳዳ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን ደባልቄ ሞላሁበት፣ ማታ ማታ ከስራ ስመለስ እየጨመርኩ ሶስት ሳምንት ጠበቅኩ፣ ከዛ ረጅም ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ስጫነው ቋ አለና ዞረ፣ እመኑኝ ልጄ ሲወለድ ካለቀስኩት አይተናነስም ያለቀስኩት። የዛኑ ሳምንት የሹፌሩ ወንበር ስር ያለውን ምንጣፍ ገለጥኩ፣ ብረቱን በጣቴ ነካ ሳደርገው ጣቴ አልፎ ገባ፣ ከስር የጋራዡን ሲሚንቶ ነካሁት። ወለሉ የለም! ለካ ምንጣፉ ነው ተሸክሞን የቆመው።

ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ ማለቴ ነው፣ ሳነሳ ደግሞ ሌላ ጉድ። በዚህ ሞተር ላይ ካቴናውን (ሰንሰለቱን) በእንጨት ሽብልቅ ከላይ ወጥረህ ካልያዝከው መወጠሪያው ከቦታው ይወጣና ይወድቃል፣ አውቀዋለሁ፣ ሽብልቁን ራሴ ጠርቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ከዛ ስልክ ተደወለልኝ፣ ስመለስ ረስቼው አነሳሁት። ካቴናውን ለመመለስ የሞተሩን ፊት በሙሉ መፍታት ሆነ፣ አንድ ክረምት በዚህ አለቀ። ወለሉን እንዲበይድልኝ የሰጠሁት ሰው ደግሞ ግማሽ ክፍያ ተቀብሎ ሁለት አመት አስቀመጠብኝ፣ መጨረሻ ላይ ሲመልስልኝ ሻንሲው ስር ያሉትን ብረቶች ዝገቱን ሳይቆርጥ ላሜራ ደርቦበት በስቱኮ ሸፍኖታል፣ መዶሻ ሳስነካው ነው ያወቅኩት። እንደገና አስቆረጥኩ እንደገና አስበየድኩ።

2019 ላይ ካርቡራተሮቹን አደስኩ፣ ሁለት ናቸው የሂታቺ። ልጄ 11 አመቱ ነበር፣ ውስጡ ያለችውን ፒስቶን በጣቱ ወደላይ ሲገፋት በዘይቱ ምክንያት ትከብደዋለች፣ ሲለቃት ወርዳ ጠብ ትላለች፣ እሱን እየደጋገመ ሲጫወት አመሸ። ከዛ ኮቪድ መጣ፣ ስራ ጠፋ፣ ከዛ ስራ በዛ፣ ይሄው።

አሁን የመጣው ነገር፣ የባለቤቴ እናት ከመስከረም በኋላ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል ደረጃ አይችሉም፣ ምድር ላይ ያለን ቦታ ጋራዡ ብቻ ነው፣ ክፍል እናድርገው ተባለ። ልክ ናት። አንድ ሰው ደግሞ እንዳለች በካርቶኗ 9,000 ዶላር ልስጥህ ብሎኛል። በአንድ ደብተር እያንዳንዷን ብሎን ፅፌያለሁ፣ እስካሁን 23,400 ዶላር ወጥቶባታል፣ ደብተሩን መፍቻዎቹ መሳቢያ ስር ነው የማስቀምጠው። ጓደኛዬ ደግሞ በ2020 በኢንተርኔት ጨረታ 310,000 ዶላር የተሸጠችውን የ1971 240ዚ እየላከልኝ ሀብታም ነህ እኮ አታውቀውም ይለኛል።

ባለፈው ወር እራት ላይ ይሄው ወሬ ተነስቶ «የልጁን መኪና እንዴት ብዬ ነው የምሸጠው» አልኩ። ልጄ 17 አመቱ ነው፣ ከኛ ጋር ሁሌ በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው፣ ያን ቀን በአማርኛ «ባባ፣ እኔ መኪና ጠይቄህ አላውቅም» አለኝና ሳህኑን አንስቶ ሄደ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልሽጣት? ወይስ የሆነ ቦታ ተከራይቼ ልጨርሳት? የቱ ነው ሞኝነት?

ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ወንድሜ፣ እኔ ስለመኪና የማውቀው ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ሴይቼንቶ ነበረችው፣ እሷም ጠዋት ጠዋት የሰፈር ልጅ ካልገፋት አትነሳም ነበር፣ እና ስትገፋ የኖረች ሴት ትንሽ ነገር ትማራለች። የቀረውን እዚሁ አገር መካኒክ የሆነ የእህቴ ልጅ አለ፣ ደብዳቤህን በስልክ አነበብኩለት፣ ሽብልቁ ላይ ስደርስ በሳቅ ሞተ፣ እሱም ረስቶ ያውቃል ለካ።

ልጅህ ያለህን እንደ ስድብ ወስደኸዋል። እኔ ሳነበው ግን ልጁ እዳ ተሸክሞ የኖረ መሰለኝ። ሁለት አመቱ ላይ በስሙ መኪና ተገዛ፣ ከዛ ወዲህ እናትና አባቱ በገንዘብ በተጨቃጨቁ ቁጥር፣ አባቱ እሁድን ጋራዥ በዋለ ቁጥር፣ የሱ ነው፣ በሱ ምክንያት ነው። ሳይጠይቅ! በአማርኛ ያለህ እኮ በደንብ እንዲገባህ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፣ ይሄን ሁሉ ስትፅፍ ልጁ ጋራዡ ውስጥ የታየው አንዴ ነው፣ ፒስቶኗን ጠብ ሲያደርግ ባመሸበት ቀን። የእህቴ ልጅ እንዳለኝ ያ የህፃን ጨዋታ ብቻም አይደለም፣ ካርቡራተሩ ንፁህ መሆኑ የሚታወቀው ራሱ በዚህ ነው፣ ሳትይዝ ወርዳ ጠብ ካለች ደህና ናት። ልጁ ሳያውቀው ስራህን ሲፈትሽልህ ነበር፣ ነግረኸዋል?

እኛ ሰዎች እዚህ አገር ለራሳችን የሆነ ነገር መፈለግ ያሳፍረናል። ቤቱ ለልጆች፣ ሁለተኛው ስራ ለልጆች፣ አገር ቤት የጀመርነው ህንፃ ለልጆች፣ ልጆቹ ደግሞ ስንቱን እንደማይፈልጉት እያየን ነው። ያንተ መኪና ከካላንደሩ ነው የመጣችው፣ ልጁ ሳይወለድ። ያንተ ናት በቃ። የኔ ናት ማለት ብትችል ኖሮ ባለቤትህም ያኔውኑ ስንት ይፈጃል፣ መቼ ያልቃል ብላ ትጠይቅህ ነበር፣ የሕፃን ስም ስለጠራህባት ነው ስቃ ዝም ያለችው።

ደብተሩ ጋ ልምጣ። 23,400 ዶላር በሳንቲሙ አውቀሃል፣ የምታስቀምጠው ግን መፍቻ ስር ነው፣ ማለትም ሚስትህ አታውቅም። አሁን ግን ይሄን አምድ ጮክ ብላ ልታነበው ነው፣ አንተው ነህ የላክኸው፣ ስለዚህ ጋዜጣው ሳይደርስ ዛሬ ማታ ደብተሩን አውጣና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። ትቆጣለች። ይገባታል። አስራ አምስት አመት ከሰዎች ጋር በደብዳቤ ስነጋገር እንዳየሁት ወጪው ራሱ ብዙ ትዳር አያፈርስም፣ መሳቢያው ነው።

ጋራዡን አማትህ ይወስዱታል፣ እሱ ላይ ክርክር የለም፣ አንተም ልክ ናት ብለሃል።

አሁን መሸጡን እንይ። 310,000 ዶላር የተሸጠችው መኪና ፈፅሞ ያልተነካካች፣ 21 ሺህ ማይል ገደማ ብቻ የሄደች ናት፣ ማንም ወለሏን አልበየደም ማንም ቴስታታዋን አላነሳም። ጓደኛህ ሊንኩን ሲልክልህ መልስ አትስጠው። አዲስ እያለች እኮ በ3,526 ዶላር ነበር አሜሪካ የምትሸጠው፣ ጃፓን ውስጥ ፌርሌዲ የሚል ስም ነበራት፣ እዚህ የዳትሰን ሰሪውን የኒሳንን ስራ ይመራ የነበረው ዩታካ ካታያማ በዚህ ስም ማን ይገዛኛል ብሎ ነው 240ዚ ያስባላት፣ ይሄን የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው፣ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። የሆነው ሆኖ 9,000 ልስጥህ ያለህ ሰው ካርቶን ነው የሚገዛህ። በካርቶን ያለች መኪና ሲገዛ ሰው የጎደለውን እያሰበ ነው ዋጋ የሚቆርጠው፣ ጎማ ላይ ቆማ ሞተሯ ሲዞር ከሰማ ግን ያለውን ያያል። ብትሸጥም ባትሸጥም መጀመሪያ የምትሰራው ስራ አንድ አይነት ነው ማለት ነው፣ እሱ ነው ደስ ያለኝ።

ያንተ ችግር ገንዘብም እውቀትም አይመስለኝም፣ ሁሉን አንዴ ፈትተህ ሁሉን አዲስ ልታደርግ መፈለግህ ነው። ቀለም ገዝተህ አስቀምጠሃል? እርግጠኛ ነኝ ገዝተሃል። ቀዩን። ተወው፣ ቀለም መጨረሻ ነው። የእህቴ ልጅ እንዲህ አለኝ፣ ከፊትና ከኋላ እገዳዋንና ፍሬኗን ብቻ ግጠምና ጎማ ላይ አቁማት፣ ጎማ ያላት መኪና ትገፋለች፣ ትጫናለች፣ የሰው ግቢ ትገባለች። ቀጥሎ ሞተሩን አስገባ፣ ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) አጥበህ ወይ ለውጠህ አስነሳት፣ መብራት፣ መቀመጫ። የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ ካለም ይሰንጠቅ፣ የዚች መኪና ዳሽቦርድ የማይሰነጠቀው የት አለና። ግን ከዛ በፊት የባትሪው ማስቀመጫ ስር ያለውን ብረት በደንብ እይ፣ በዛ ሁሉ አመት አሲድ ሲንጠባጠብበት የኖረ ቦታ ነው፣ ወለሉ ጣት ካስገባ እሱም ደህና አይሆንም። ኮፈኑ ስር ያለችው ፕሌት ላይ የተፃፈው የሞተር ቁጥርም ብሎኩ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አረጋግጥ፣ ከገጠመ ለመሸጥም ቢሆን ዋጋ አለው፣ ከ9,000ው በፊት ማወቅ የነበረብህ እሱን ነው።

ቦታ ተከራይ፣ ኪራዩ ግን ደብተሩ ላይ ይፃፍ፣ ባለቤትህ የምታየው ደብተር ላይ። የጊዜ ገደብም ከእሷ ጋር ቁረጡ፣ እኔ ብሆን የሚመጣው ሳይሆን የዛኛው አመት መስከረም እላለሁ፣ እስከዛ በራሷ ሞተር ከበሩ ካልወጣች ለዛ ሰውዬ ደውል፣ ያለ ጭቅጭቅ። ከወጣች ደግሞ ቨርጂኒያ 25 አመት ላለፈው መኪና አንቲክ ታርጋ ትሰጣለች፣ አመታዊ ኢንስፔክሽን የለበትም፣ ለዘወትር የምትነዳው ሌላ መኪና ሊኖርህ ግን ይገባል፣ ስራ መመላለሻ ላድርጋት እንዳትል።

ለልጁ የምትለው አጭር ነው፣ «18 ሲሞላህ ያልኩትን ትቼዋለሁ፣ መኪናዋ የኔ ናት፣ አንተ ምንም የለብህም»። እርዳኝ አትበለው፣ አብረን እንስራ አትበለው፣ ስለ ካላንደሩም ካልጠየቀህ አትጀምርለት። ፒስቶኗን ጠብ ያደረገባት ቀን ትዝ ካለው ራሱ ያነሳዋል፣ ካላነሳውም ደህና ልጅ ነው፣ ሳህኑን አንስቶ ነው እኮ የሄደው።

የእህቴ ልጅ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ ንገሪው አለኝ፣ መጀመሪያ ቀን ዝም ብሎ እንዳያስነሳት፣ ካንዴላዎቹን ፈትቶ የዘይቱ ጌጅ ከፍ እስኪል በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ብቻ ያዙራት፣ ይሄን ሁሉ አመት ደርቃ የቆየች ናት። ስልኩንም ሌላ ክፍል ያስቀምጠው ብሏል። ለአማትህ እንኳን ደህና መጡ በልልኝ፣ የክፍሉ ወለል ላይ የዘይት እድፍ ካለ ሳይመጡ አስለቅቀው።