የቦምብ ዋጋና የቦምብ ቅሪት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የኢራንን የኑክሌር ጣቢያዎች በምሽግ ሰባሪ ቦምቦች ከመታች ወዲህ፣ ስለ ቦምብ ዋጋና ኃይል የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በርክተውልናል። የሚመሳሰሉትን አጣምረን አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦ በርጫ ላይ ሁልጊዜ የሚያጨቃጭቀን ነገር ነው። አሜሪካ አፍጋኒስታን ላይ የጣለችው «የቦምቦች ሁሉ እናት» የተባለው፣ አንዱ 16 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል የሚል አለ፤ የለም 170 ሺህ ነው የሚልም አለ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች በዜና ወጥተዋል፤ ለቦምቡ መሥሪያ ዋጋ የሚቀርበው ግን ሁለተኛው ነው። ቦምቡ ሚያዝያ 5 ቀን 2009 ዓ.ም. በናንጋርሃር ክፍለ ሀገር፣ አቺን ወረዳ ላይ እንደተጣለ 16 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የአሜሪካ አየር ኃይል ሲጠየቅ ግን የአንዱ ዋጋ 170 ሺህ ዶላር ገደማ ነው አለ። ልዩነቱ ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ «ማን ዋሸ?» ከማለት በፊት የተነገረው የትኛው ዋጋ እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል።

የመሥሪያ ዋጋ የሚባለው የብረት ቀፎው፣ የፈንጂው፣ የማፈንጃው (የፊውዙ)፣ በጂፒኤስ የሚመራው ጅራትና የሠራተኛው ጉልበት ድምር ነው። ከዚህ በላይ የጥናት፣ የንድፍና የሙከራ ወጪ አለ፤ ይህ በተሠራው ብዛት ሲካፈል ዋጋው ይተኮሳል። ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ኢራን ላይ የዋለው 13,600 ኪሎ የሚመዝነው ምሽግ ሰባሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በወጡ ዘገባዎች መሠረት እሱን ለማልማትና 20 የሚያህሉ ለመሥራት 330 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል። ለ20 ሲካፈል 16 ሚሊዮን ተኩል ይሆናል። ይህ ግን የልማቱ ወጪ የተጫነበት ቁጥር ነው፤ አንድ ተጨማሪ ቦምብ ለማሠራት የሚከፈለው ገንዘብ ከዚህ የተለየ ነው።

ሰው የሚረሳው ደግሞ ማድረሻው ነው። ምሽግ ሰባሪውን ለውጊያ የሚሸከመው ቢ-2 አውሮፕላን ነው፤ በአንድ ጉዞ ሁለት ብቻ። አሜሪካ የሠራችው 21 ቢ-2 ነው። የመሥሪያ ዋጋው ብቻ ሲታይ አንዱ 737 ሚሊዮን ዶላር ይባላል፤ የልማት ወጪው ሲጨመርበት ከ2 ቢሊዮን ያልፋል። በሰኔው ጥቃት 7 አውሮፕላኖች 14 ቦምብ ጣሉ፤ 12ቱ ፎርዶ ላይ፣ 2ቱ ናታንዝ ላይ። በረራው ደርሶ መልስ 37 ሰዓት ገደማ ፈጅቷል፤ አየር ላይ ነዳጅ የሚሞሉ አውሮፕላኖችም አብረው ተሰማርተዋል። የቦምቡ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። «አንድ ቦምብ ይህን ያህል» የሚል ዜና ሲያገኙ፣ ልማቱ ገብቶበታል ወይ? ስንት ሲሠራ? አውሮፕላኑስ? ብለው ይጠይቁ። ይህን የማይመልስ ዜና፣ ቁጥሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ለክርክር አይበቃም።

ጥያቄ (ከሸዋ በር፣ ሐረር)፦ ተማሪዎቼ ይህ ትልቁ ቦምብ የሂሮሺማውን ያህላል ይሉኛል። እውነት ነው? ትልቅ በሆነ ቁጥርስ ጥፋቱ በዚያው ልክ ይጨምራል?

መልስ፦ አጠገቡም አይደርስም። የሂሮሺማው 15 ሺህ ቶን ቲኤንቲ (የፍንዳታ ኃይል የሚለካበት ፈንጂ) ገደማ ሲገመት «የቦምቦች ሁሉ እናት» የተባለው 11 ቶን ነው። ከ1,300 ጊዜ በላይ ይበላለጣሉ። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚመጣው ኪሎ ቶንን (1,000 ቶንን) ቶን ብሎ ከማንበብ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ ደግሞ ለክፍል የሚሆን ስሌት አለ። የፍንዳታ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል፤ ስለዚህ ፈንጂውን 8 እጥፍ ቢያደርጉት ያው ግፊት የሚደርስበት ርቀት 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ማርክ 84 የተባለው የተለመደ የ907 ኪሎ ቦምብ በውስጡ 429 ኪሎ ያህል ፈንጂ አለው፤ ትልቁ 8,500 ኪሎ ገደማ። ፈንጂው ወደ 20 እጥፍ ሲያድግ ርቀቱ የሚያድገው 2.7 እጥፍ ገደማ ነው። ለዚህም ነው ገንዘቡ ቦምብን ከማሳደግ ይልቅ አነጣጥሮ ወደሚመራው ጅራት የሄደው፤ ዒላማውን በቀጥታ የሚያገኝ ትንሽ ቦምብ ርቆ ከሚያርፍ ትልቅ ቦምብ ይበልጣል።

ምሽግ ሰባሪው የተሠራው በሌላ ስሌት ነው። ከ13,600 ኪሎው ውስጥ ፈንጂው 2,400 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፤ ክብደቱ በአብዛኛው ጠንካራ ብረት ሲሆን ሥራውም ዓለትና ኮንክሪት ሰርስሮ መግባት ነው። አስቸጋሪውም ይኸው ነው። ዘንበል ብሎ ከመታ ቀፎው ሊጎብጥ ይችላል፤ ማፈንጃውም የመጀመሪያውን ምት ካልቻለ ጥልቀቱ ላይ ሳይደርስ ይበላሻል።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)፦ ደቻቱ ስንት ሰው በልቷል። በአንድ ቦምብ ዋጋ ስንት የጎርፍ መከላከያ ግንብ ይሠራ ነበር? ይህን ማንሳት ስህተት ነው?

መልስ፦ ስህተት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት በደቻቱ ወንዝ የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል፤ የዚያች ከተማ ሰው ይህን ቢያነሳ ማንም ሊቆጣው አይገባም። የዓለም ወታደራዊ ወጪ እ.ኤ.አ. በ2024 2 ትሪሊዮን 718 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን የስቶክሆልሙ የሰላም ጥናት ተቋም አስታውቋል፤ ከዓመት በፊት ከነበረው የ9.4 በመቶ ጭማሪ ነው።

ንጽጽሩ አቅም የሚኖረው ግን ሁለቱም ወጪ ከአንድ ኪስ ሲወጣ ነው። ዋሽንግተን አንድ ቦምብ ብትሰርዝ ገንዘቡ ደቻቱ አይደርስም። የራሳችን በጀት ግን አንድ ኪስ ነው፤ መከላከያውም፣ መንገዱም፣ የጎርፍ ግንቡም ከዚያው ይወጣል። እሱን ሲመለከቱ ከሐምሌ 1 በፊት የሚጸድቀውን ብቻ ይዘው አይቁሙ። በዓመቱ አጋማሽ ተጨማሪ በጀት ሊመጣ ይችላል፤ በጥር 2014 ዓ.ም. ከጸደቀው 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። ሁለቱን ሳይደምሩ የሚደረግ ክርክር በግማሽ ሂሳብ ነው።

ጥያቄ (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)፦ የሕዝብ ተቃውሞ የቦምብ ፕሮግራም አስቁሞ ያውቃል?

መልስ፦ ያውቃል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ መንግሥት መሬት ሰርስሮ የሚገባ የኑክሌር ቦምብ ለማጥናት እ.ኤ.አ. ለ2005 በጀት ዓመት 27.6 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ነበር። «ጥናት ብቻ ነው» ተባለ፤ ተቃዋሚዎች ግን የአምስት ዓመቱን ዕቅድ ገልጠው 485 ሚሊዮን እንደተመደበበት አሳዩ። ሳይንቲስቶችም ቦምቡ በሚደርስበት ጥልቀት መሬቱ ጨረሩን አፍኖ እንደማያስቀረው አስረዱ። ገንዘቡን ከሰረዙት ቀዳሚው ዴቪድ ሆብሰን የተባሉ የፕሬዚዳንቱ የራሳቸው ፓርቲ እንደራሴ ናቸው፤ የበጀት ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 መንግሥት ጥያቄውን ተወ።

በኒውትሮን ቦምቡ (በጨረር ሰው እንዲገድል በተሠራው የኑክሌር ቦምብ) ላይ የተነሳው ተቃውሞ ደግሞ በከፊል ነው የተሳካው። ኔዘርላንድስ ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ፊርማ ተሰበሰበ፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተርም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1978 ምርቱን አዘገዩት። እ.ኤ.አ. በ1981 ተተኪያቸው ሬገን እንዲመረት አዘዙ። የመጀመሪያው የጸናው ተቃውሞው የበጀት መስመሩን ራሱን ስለያዘ ነው ብለን እናምናለን። አፍጋኒስታን ላይ በተጣለው ቦምብ ጊዜ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሐሚድ ካርዛይ አገሬ የመሣሪያ መሞከሪያ ሆነች ብለው በብርቱ አወገዙ፤ ነገር ግን ቦምቡ ከዓመታት በፊት ተሠርቶ መጋዘን የገባ በመሆኑ የሚሰረዝ በጀት አልነበረም።

ጥያቄ (ከሐረር ዙሪያ)፦ ለቤት መሠረት ስናስቆፍር ክንፍ ያለው የዛገ ብረት ወጣ። ታናሽ ወንድሜ ለቆራሌው እንሽጠው ይላል። አሮጌ ስለሆነ አይፈነዳም አይደል?

መልስ፦ ይፈነዳል፤ እባክዎ ወንድምዎን ዛሬውኑ ያስቁሙት። ሐረር መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድባለች፤ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራም ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ከባድ መሣሪያ ተተኩሷል። ዝገት የሚበላው ቀፎውን እንጂ ፈንጂውን አይደለም። ይባስ ብሎ ማፈንጃው ውስጥ ያለው መያዣና ሞላ ሲዛግ ትንሽ ንቅናቄ ይበቃዋል። ብዙ ሰው የሚሞተው ብረቱ መሬት ውስጥ እያለ ሳይሆን ሲነሳ፣ በመጋዝ ሲቆረጥ፣ በመዶሻ ሲመታ ወይም ለማቅለጥ እሳት ላይ ሲጣል ነው።

ቁፋሮው አሁኑኑ ይቁም። ዶማውም አካፋውም ባለበት ይቅር፤ ከብረቱ ላይ አፈር አይጥረጉ፣ ውሃም አያፍስሱበት። ሁሉም በገባበት ዱካ ይውጣ። ቢያንስ 300 ሜትር ይራቁ፤ ብረቱ የሰው ቁመት የሚያህል ከሆነ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር። ከግንብ ወይም ከጉብታ ጀርባ መሆን ይመረጣል። ስልክ የሚደውሉት ከራቁ በኋላ ነው። መንገዱ ላይ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ያድርጉና አንድ አዋቂ ሕፃናትንና ከብቶችን እየመለሰ ይጠብቅ። ለቀበሌውና ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ሲያመለክቱ ቦታውን፣ የብረቱን ርዝመትና ውፍረት በግምት፣ ክንፍ እንዳለውና ማን እንደነካው ይንገሩ። ፎቶ ለማንሳት ተመልሰው አይግቡ።

ከብረቱ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ወይም የነጭ ሽንኩርት ወይም የሰናፍጭ ሽታ ከሸተተ ለፖሊስ ለይተው ይናገሩ። ጣሊያን በዚያ ጦርነት የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ ጥላለች፤ ፈሳሹ የነካው ቆዳ የሚያብጠው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ «ምንም አልሆንኩም» ማለት ያታልላል። የነካው ሰው ልብሱን አውልቆ በብዙ ውሃና ሳሙና ይታጠብና ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ።

ፈንጂ አምካኞች ብረቱን ካነሱ በኋላም የተቀረው ጉድጓድ መፈተሹን ሳያረጋግጡ ቁፋሮ አይቀጥሉ። ከመሠረቱ የወጣው አፈር ተጭኖ ሄዶ ከሆነ ደግሞ የት እንደተደፋ ለባለሙያዎቹ ይንገሯቸው፤ እሱም መፈተሽ አለበት።