«ጨጓራዬን ነው» ብላችሁ አትውጡ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። በሙያው 30 ዓመት አልፎኛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ እወጣለሁ። የወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ይሻሻል ሲባል ሁሌ የሚነሳው የሐኪም፣ የመድኃኒትና የበጀት እጥረት ነው። እውነት ነው፣ ሁሉም የለም። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ገንዘብ ስለማይጠይቀው ነገር ነው።

አንድ ቀን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። ጥቁር ፌስታል ይዛለች። ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠችው። ኦሜፕራዞል፣ ሁለት ጠርሙስ ሽሮፕ፣ «ባክቴሪያ ነው» ተብላ የወሰደችው መድኃኒት ባዶ ካርቶን፣ ሦስት ቦታ የተነሳችው አልትራሳውንድ። «ጨጓራዬን ነው ሲስተር፣ ለምን እዚህ እንደላኩኝ አላውቅም» አለች። የላካት አንድ ወጣት ጤና መኮንን ነው። እሱ ከሌሎቹ የተለየ ያደረገው ነገር ቢኖር «እንቅልፍሽስ?» ብሎ መጠየቁ ነው። ለካ አራት ወር ሙሉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እየነቃች አይኗ ሳይከደን ይነጋል። የዶርም ልጆች እንዳይሰሟት ሽንት ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

ለዚህ «ድባቴ» የሚል ቃል አለን። ግን «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ሰው የሚለው «ልቤ ይመታል»፣ «አናቴን ያቃጥለኛል»፣ «ጨጓራዬን» ነው። እናንተ ደግሞ «ደብሮኛል» ትላላችሁ። ለአንድ ቀን ከሰዓት ከሆነ ይሁን፣ ማንም ይደብረዋል። ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፉም ምግቡም ትምህርቱም ከተበላሸ ግን ስሙ ሌላ ነው። እንግዲህ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ጨጓራውን ተናገሩ፣ አትደብቁት፤ ከዚያ ግን ተነስታችሁ አትውጡ። «እንቅልፍም የለኝም፣ ምንም ነገር አያስደስተኝም» በሉ። ባለሙያው ካልጠየቃችሁ እናንተ ጀምሩት። ብቻችሁን ከከበዳችሁ እህት ወይም ጓደኛ አስከትሉ።

ነጭ ገዋን የለበሳችሁት ደግሞ ጠይቁ። «መሞት ያምርሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅም ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። ይልቁንም ብዙዎቹ ሲጠየቁ ተንፈስ ይላሉ። «አዎ» ካለ ብቻውን ወደ ቤት አትላኩት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ወጣት ነርስ ሳለሁ የምሠራበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሰው ተፋፍጎ ተቀምጧል። ካርድ አንስቼ የልጁን ስም ከነአባቱ ጠራሁና «ሳይካትሪ!» ብዬ ጮህኩ። ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰ ልጅ ተነሳ። የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጣና ተመልሶ በዋናው በር ወጣ። ካርዱ እጄ ላይ ቀረ። ሌላ ቦታ ታክሞ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን በካርድ ቁጥር ነው የምጠራው፤ እሱንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

የሚያስፈራን ስም ነዋ! አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ጊዜ የተከፈተ አንጋፋ የአእምሮ ሕክምና ቤት ነው። እኔም እዚያ ነው የተማርኩት፤ ያኔ የሳይካትሪ ሐኪሞቻችን በጣት የሚቆጠሩ፣ ውጭ አገር የሠለጠኑ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ስንቱን ያዳነ ቤት ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ። «አማኑኤል ይወሰድ» እያላችሁ ስትቀልዱ አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ የነገ ቀጠሮውን እየሰረዘ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ሁሉም አማኑኤል መሄድ የለበትም። ለብዙው ሰው ሠፈሩ ያለ ጤና ጣቢያ ይበቃዋል። ነርሶችና ጤና መኮንኖች አጠር ያለ ሥልጠና ወስደው ድባቴን፣ ጭንቀትን፣ የሚጥል በሽታን ያክማሉ። ጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሳይቀሩ በጤና ጣቢያ እንዲታከሙ ተደርጓል። የሚያናድደኝ የሠለጠነው ልጅ ሲዛወር ክፍሉም አብሮት መዘጋቱ ነው። አንድ ሰው ብቻ አታሠልጥኑ እያልኩ ስንት ስብሰባ ላይ እንደተናገርኩ!

ብዙ ጤና ጣቢያ «ለወጣቶች ምቹ አገልግሎት» የሚባል ክፍልም አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ ነው። ለወሊድ መከላከያ የመጣችን ልጅ «እንዴት ነሽ፣ እንቅልፍሽስ?» ለማለት ሌላ ሕንፃ አያስፈልግም። እናንተም ወጣቶቹ አስተያየት ስትጠየቁ ይህንን በሉ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክፍት ይሁን በሉ።

መድኃኒት ከታዘዘላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደለም። ጥቅሙ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ የአፍ መድረቁ፣ የሆድ መረበሹ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ብዙ ልጆች የሚያቋርጡት እዚህች ጋ ነው። ጠበልም የምትጠመቁ ተጠመቁ፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ ኪኒኑን ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ጫት ላይ ተቀምጣችሁ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ካላችሁኝ ግን እንጣላለን።

ባለፌስታሏ ልጅ በሦስተኛው ቀጠሮዋ ከወንድሟ ጋር መጣች። እስከ 12 ሰዓት ተኝታ አድራለች። ፌስታሉንስ ስላት ሳቀች።

እኔን የምትተካው ነርስ ገና 26 ዓመቷ ነው። የክፍላችን በር መቆለፊያው ተበላሽቷል፤ አስጠግኑልን ብለን ከጻፍን ቆይተናል። በሽተኛ ሲያለቅስ በሩ ራሱን ይከፍትና ኮሪደሩ ሁሉ ያያል። ስለዚህ ካርቶን አራት ቦታ አጥፌ ከሥሩ እወትፋለሁ። ካርቶኑን በቀኝ በኩል ያለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬላታለሁ።