«ዩ» ለሚያስቸግራችሁ ልጆች

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። ከቴሌግራም ያወረደችው የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ነው፤ ዩፎሪያ፣ ዩሎጂ፣ ዩፊሚዝም፣ ዩካሊፕተስ። «ጋሼ፣ እነዚህን እንዴት አድርጌ ልሸምድዳቸው?» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መልሱ ቀላል ነበር። ዩካሊፕተስ የሚለውን፣ የኛን ባሕር ዛፍ፣ ሳይ ግን ሙሴው ትዝ አሉኝ።

ፒያሳ አካባቢ ሱቅ የነበራቸው ግሪካዊ ናቸው። ያኔ ፈረንጅ ነጋዴን ሁሉ «ሙሴ» ነበር የምንለው። የወይራ ዘይት፣ ሰርዲን፣ ክር፣ ምስማር፣ የማይሸጡት አልነበረም። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ በተለይ ስድቡ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ባንኮኒያቸው ላይ የቤት ሥራዬን ሳነብ ሰሙኝና «ኤፍካሊፕቶስ በል እንጂ!» አሉኝ። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ «አስተማሪያችን አሜሪካዊ ነው፣ እሱ ያውቃል» አልኳቸው። «ቃሉ የማን ሆነና!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ያልፈነዳ የባሕር ዛፍ እንቡጥ እንዳመጣ አዘዙኝ። አመጣሁ። ጫፉን በጥፍራቸው ሲነኩት እንደ ድስት ክዳን ተነሳ። ውስጡ ክር የመሰለ አበባ ታጥፎ ተቀምጧል። «ካሊፕቶስ የተሸፈነ ነው። ኤፍ ደግሞ መልካም። በደንብ የተሸፈነ!» ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሌሪቲየ በ1788 እ.ኤ.አ. ስሙን ያወጣለት ይህንኑ ክዳን አይቶ መሆኑን ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

«እናንተም አላችሁ እኮ» አሉ ቀጥለው። «ወንጌል ትላላችሁ። እኛ ኤቫንጌሊዮ። መልካም ዜና።» ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አሳዩኝ። ፩ን «ይቺ አልፋ ናት»፣ ፪ን «ቤታ»፣ ፫ን «ጋማ»። እውነታቸውን ነው፤ የግዕዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው። ዳዊት የደገምኩ ልጅ ነበርኩ፤ ይህን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

«ማታ ሱቅ ስዘጋ ና፣ ፊደሉን በነፃ አስተምርሃለሁ» አሉኝ። እሺ አልኩ። አልሄድኩም። አንድ ቀን ኳስ፣ ሌላ ቀን ዝናብ። ባለፍኩ ቁጥር «መቼ ነው?» ይሉኛል። በኋላ እሳቸው መጠየቁን ተዉት፤ እኔም አፍሬ በሌላ መንገድ ማለፍ ጀመርኩ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብዙ ግሪኮች አገር ለቀው ሲሄዱ እሳቸውም ሄዱ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ግሪክኛን ከመጽሐፍ ልማር ሞክሬ ነበር፤ ከዚያ ሳቅ ጋር ካልሆነ አልገባ አለኝ።

እናም ልጆች፣ ዝርዝሩን ተዉትና «ዩ»ን ያዙ፤ የሙሴው «ኤፍ»፣ የኤቫንጌሊዮም «ኤቭ»፣ በእንግሊዝኛ «ዩ» ሆና ነው፤ መልካም ማለት ናት። ዩሎጂ መልካም ንግግር ነው፤ ብዙ ጊዜ ለሞተ ሰው የሚደረግ ሙገሳ። ዩፊሚዝም ደስ የማይለውን ነገር አለዝቦ መጥራት፤ «ሞተ» ላለማለት «አረፈ» እንደምንለው። ሁሉም ግን መልካም እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጋልተን በ1883 እ.ኤ.አ. ዩጀኒክስ የምትል ቃል ፈጠረ፤ በ«መልካም ዘር» ስም ስንት ሰው ተገዶ መካን ተደረገ። ዩትሮፊኬሽንም አለ፤ «መልካም አመጋገብ» እንደ ማለት። ማዳበሪያና ፍሳሽ ሐይቅ ውስጥ ይገባል፣ አልጌ ይፈላል፣ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅኑ ያልቅና ዓሣው ይሞታል። ተማሪዎቼ ሐይቁ በጥጋብ ይሞታል ስላቸው አይረሱትም ነበር።

ሽምደዳ ይቅር እያልኩ ነው መሰል። እኔ ግን ዳዊትን ሸምድጄ ነው ያደግኩት፤ አልጎዳኝም። የእናንተ ነገር የሚያናድደኝ ሽምደዳው አይደለም። ፋይሉን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያወቃችሁት ይመስላችኋል።

ደግሞ በ«ዩ» የጀመረ ሁሉ ዘመድ አይደለም። የአርኪሜዲስ ዩሬካ «አገኘሁት» ማለት ናት፤ ግሪክኛ ብትሆንም ከሌላ ግስ ነው የመጣችው። ጃንደረባውን ዩነክ የሚሉትም «አልጋ ጠባቂ» ከሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲና ዩኒፎርም ጭራሽ ላቲን ናቸው፤ «አንድ» ከሚለው የመጡ።