ወደ ግራ ሲነዱት ወደ ቀኝ የሚወድቅ ታይገር ሞዝ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ የሚኖር አንባቢ ጽፎልኛል። ከኪት (ተቆራርጦ ከሚሸጥ የመገጣጠሚያ ዕቃ) የሠራው፣ በሪሞት የሚበር ታይገር ሞዝ የሚባል የድሮ ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላን ሞዴል አለው። ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት የተሠራ ነው፤ በባትሪ ይሄዳል፤ የእውነተኛው አውሮፕላን አንድ አምስተኛ ስለሆነ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.79 ሜትር ነው። ይነሳል፣ ቀጥ ብሎ ይበርራል። ችግሩ የሚመጣው ሲታጠፍ ነው። የሪሞቱን ስቲክ (መንጃውን) ወደ ግራ ሲገፋ አፍንጫው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሲጨምርበት ጭራሽ ቀኝ ክንፉ ወድቆ እየተሽከረከረ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ተከስክሶ ቀኝ የታችኛው ክንፍ ተሰብሯል፤ ጓደኛው በኢፖክሲ አጣብቆለታል። ሜዳ ላይ ያሉ ሰዎች «ሞተሩ ደካማ ነው» ስላሉት ትልቅ ሞተርና ትልቅ ባትሪ ገዛ። አልተሻለውም። «ጋሼ፣ ጋይሮ (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያረጋጋ መሣሪያ) ልግጠምበት ወይስ ልተወው? ቀጥሎ ፖቴዝ 25 የሚባለውን የድሮ አውሮፕላን ሞዴል ልሠራ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ወኔዬ ጠፋ» ይላል።

ወንድሜ፣ አትተወው። ጋይሮም አሁን አትግዛ።

«ወደ ግራ ነዳሁት፣ ወደ ቀኝ ወደቀ» ስትለኝ ለእኔ ነገሩ አለቀ። ይህ የሞተር በሽታ አይደለም። ሞተሩ ደካማ ቢሆን ኖሮ ገና ሲነሳ ይታወቅ ነበር። የሬዲዮ መቆራረጥም አይደለም፤ የሚቆራረጥ ሬዲዮ ሁልጊዜ የስቲክህን ተቃራኒ እየመረጠ አይሄድም። የእኔ ግምት ይህ ነው፦ ኤይለሮኖችህ፣ ማለትም በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉት አውሮፕላኑን የሚያጋድሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ይንቀሳቀሳሉ። እነሱን የሚያንቀሳቅሱት ሁለቱ ትንንሽ ሞተሮች (ሰርቮዎች) በዋይ ኬብል፣ ማለትም ለሁለት በሚከፈል ገመድ፣ አንድ ቻናል (የሬዲዮ ትእዛዝ መስመር) ላይ ተሰክተዋል፣ ክንዶቻቸውም ቀጥ ብለው ቆመዋል ብዬ ልወራረድ እችላለሁ። ስቲክ ስትጨምር መባሱ ደግሞ ጥርጣሬዬን ደመደመው።

ከመቀጠላችን በፊት ፕሮፔለሩን ፍታው። አንድ ዳዶ ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ በታች የምነግርህ ሥራ ሁሉ ባትሪ ተሰክቶ የሚሠራ ነው፤ ያኔ ፕሮፔለሩ መሳቢያ ውስጥ ይሁን። የነዳጅ ሞተር ጣት ሲመታ ሊጠፋ ይችላል። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን የያዘውን አይለቅም፤ ሲከለከል የበለጠ ኃይል ይስባል። አንተ ደግሞ ጭራሽ ትልቁን ገዝተሃል።

አሁን አንዷን ነገር ረጋ ብዬ ላስረዳህ። ሌላውን ሁሉ ሮጥ ሮጥ አድርጌ ባልፍ እንኳ ይቺን አላልፋትም። ወደ ግራ ለመታጠፍ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ማጋደል አለበት። ለዚህም የግራው ኤይለሮን ወደ ላይ ይነሳል፣ የቀኙ ወደ ታች ይወርዳል። የቀኙ ክንፍ የማንሳት ኃይሉ ስለጨመረ ከፍ ይላል። ይሄ ግን በነፃ አይገኝም። ክንፍ ብዙ ባነሳ ቁጥር አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትተውም ይጨምራል። ስለዚህ ቀኙ ክንፍ ከፍ እያለ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ግራው ይቀድማል፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል። በበሬ ያረሰ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዱ በሬ ሲለግም ቀንበሩ ወደ እሱ ይዞራል።

የባሰው ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ወደ ኋላ የቀረው ክንፍ ፍጥነቱ ቀንሷል። ኤይለሮኑ ስለወረደ ደግሞ አየሩን የሚገጥምበት አንግል ጨምሯል። ፍጥነቱ የቀነሰና አንግሉ የበዛ ክንፍ ስቶል ያደርጋል፤ ማለትም የማንሳት ኃይሉን በድንገት ያጣል። አንተ ታዲያ «አልታጠፍ አለኝ» ብለህ ስቲኩን ትጨምራለህ። ኤይለሮኑ ይበልጥ ይወርዳል። በመጨረሻ ቀኙ ክንፍ አየሩን ይለቅቃል፣ አውሮፕላኑ በቀኝ በኩል ይገለበጥና መሽከርከር ይጀምራል። ፈጣን ሞዴል ላይ ይህ ነገር ብዙም አይታወቅህም። እንደ ታይገር ሞዝ ቀስ ብሎ የሚበር፣ በእንጨትና በሽቦ የታሰረ ባለ ሁለት ክንፍ ላይ ግን አፍጥጦ ይመጣል።

የእውነተኛው ታይገር ሞዝ ሠሪ ዴ ሃቪላንድ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ታይገር ሞዝ ኤይለሮን ያለው በታችኛው ክንፍ ላይ ብቻ ነው። ከክንፉ ሆድ ሥር ክብ ዲስክ አለ፤ ኤይለሮኑን የሚገፋው ዘንግ ዲስኩ ላይ የሚያያዘው ልክ ጎኑ ላይ ሳይሆን ወደ ፊት 45 ዲግሪ ዞር ብሎ ነው። በዚህ ምክንያት የሚነሳው ኤይለሮን ብዙ ይነሳል፤ የሚወርደው ግን አይወርድም ማለት ይቻላል። የኪት ሠሪዎች ምን ያደርጋሉ? ያንን ዲስክ ከፕላስቲክ ሠርተው ለጌጥ ያስለጥፉሃል፤ አጠገቡ ሰርቮውን ቀጥ አድርገው ያስገጥሙሃል። መልኩን ወስደው ሥራውን ትተውታል። በጣም የሚያናድደኝ ነገር ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ዋይ ኬብሉን አውጣና ሁለቱን ሰርቮዎች በየራሳቸው ቻናል ሰካ። ሪሞትህ ላይ የኤይለሮን ዲፈረንሺያል የሚል፣ የሚወርደው ከሚነሳው እንዲያንስ የሚያደርግ ቦታ አለ፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ አድርገህ ጀምር። ቁጥሩን ብቻ አትመን፤ ማስመሪያ ይዘህ ለካ። ወደ ላይ 25 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ታች 8 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። አንዳንድ ሪሞት ላይ ምልክቱ ተገልብጦ ይሠራል፤ የሚወርደው ከሚነሳው በልጦ ካየህ ከበፊቱ የባሰ አውሮፕላን እየሠራህ ነውና መልሰው።

ሪሲቨርህ (አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ተቀባይ) ትርፍ ቻናል ከሌለው በሽቦና በካቻቢቴም ይሠራል። ዘንጉ ኤይለሮኑን ከክንፉ ሥር የሚይዘው ከሆነ የሰርቮውን ክንድ ፍታና ወደ ክንፉ የፊት ጠርዝ 45 ዲግሪ አጋድለህ መልሰህ ግጠም። ከዚያ የዘንጉን ርዝመት አስተካክለህ ኤይለሮኑን መሐል አምጣ። 12 ሚሊ ሜትር ክንድ ከዚያ ላይ ተነስቶ ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ሲዞር ዘንጉን 8.5 ሚሊ ሜትር ይገፋዋል፤ ወደ ፊት 45 ሲዞር ግን 3.5 ብቻ ይስበዋል። ያ የጌጥ ዲስክ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ዘንጉ ከክንፉ በላይ ከሆነ ክንዱን ወደ ኋላ ታጋድላለህ።

እግረ መንገድህን የኤይለሮኑን ጠርዝ በጣትህ ይዘህ ወዝውዘው። ሰርቮው በርቶም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሚላወስ ከሆነ ጣለው። በኪት ሳጥን ውስጥ በነፃ የሚመጣ ባለ ፕላስቲክ ጥርስ ሰርቮ ይህን ለሚያህል ክንፍ አይሆንም። ብረት ጥርስ ያለው ግዛ። ዘንጉን የሚይዙትን የፕላስቲክ ቆንጣጮችም አብረህ ቀይር፤ ፀሐይ ሲመታቸው ይሰነጠቃሉ። በሞተሩ ያባከንከው ብር ይህን ሁሉ ይሸፍን ነበር። ይህን ስትሠራ ባትሪው ተሰክቷል፤ ፕሮፔለሩ የት ነው ያለው? መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ቀጥል።

ወደዚያ ክንፍ እንምጣ። ጓደኛህ ክፉ አላሰበም፤ ግን ስንጥቅን በኢፖክሲ መሙላት ጥገና አይባልም። ኢፖክሲ ከባድ ነው። ደግሞ ከጎኑ ካለው ባልሳ በጣም ስለሚጠነክር በሚቀጥለው ጊዜ ልክ ከጉብታው አጠገብ ይሰበራል። የተሰበረውን የክንፉን ወጋግራ ከቻልክ ቁረጠው። ሁለቱን ጫፎች ዘንበል አድርገህ ሞርድ፤ ዘንበል ያለው ክፍል ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ይሁን። በእንጨት ሙጫ አጣብቀው፣ በሁለት ጎኑ ስስ ኮምፔንሳቶ ደግፈው። በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለህ ሸፍነው።

ከዚያ ጠምዛዛነቱን ለካ። የስልክህ አንግል መለኪያ ይበቃል። ክንፉን ሥሩ ላይና ጫፉ ላይ ለካ፤ ከግራው ጋር አወዳድር። ጫፉ ላይ የኋላው ጠርዝ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ወደ ላይ ቢያጋድል ጥሩ ነው፤ ጫፉ ስቶል የሚያደርገው መጨረሻ ላይ ይሆናል። ወደ ታች ካጋደለ ግን ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው፤ አንተም ጋ ከኤይለሮኑ በተጨማሪ ይህ እንዳለ እጠረጥራለሁ። ክንፉን በተቃራኒው ጠምዝዘህ ያዝና ሽፋኑን በካውያ አሙቀው፤ እስኪቀዘቅዝ አትልቀቀው። በክንፎቹ መሐል ያሉትን ሽቦዎች ክራር ይመስል አታጥብቃቸው፤ ያቃናኸውን መልሰው ይጠመዝዙታል።

ሚዛኑንም እንደገና ለካ፤ ሞተርና ባትሪ ቀይረሃልና። እዚህ ላይ ታይገር ሞዝ ሰው ያታልላል። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከፊት ወንበር የተቀመጠው ሰው በፓራሹት መዝለል እንዲችል የላይኛውን ክንፍ ወደ ፊት ገፉት። ሚዛኑ ሲበላሽ ክንፎቹን ወደ ኋላ አጎበጧቸው። ስለዚህ የሚዛኑን ነጥብ ስትለካ ፕላኑ ካመለከተው ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ክንፍ መሐል የፊት ጠርዝ ጀምረህ ነው። ክንፉ ሥር ጣትህን ጫፉ አካባቢ አድርገህ ከዚያው ከለካህ በሳንቲሜትሮች ትሳሳታለህ። ከጎን ወደ ጎንም አመዛዝነው፤ ቀኙ በኢፖክሲው ምክንያት ሳይከብድ አይቀርም።

የድሮውን ሞተርና ባትሪ መልስ። ክብደት ስቶል የሚያደርግበትን ፍጥነት ከፍ ከማድረግ በቀር አልጠቀመህም። አንተ ያለህበት ቦታ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። በበጋ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳል፤ ጥግግቱ ባሕር ዳርቻ ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። የስቶሉ ፍጥነት በዚህ ብቻ 13 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስትበር በዓይንህ «ይሄ ፈጠነ» የምትለው ፍጥነት እዚያ ልኩ ነው። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ብረር።

የሙከራው ቀን ፕሮፔለሩን የምትገጥመው ሜዳ ላይ ነው፤ ቤት አይደለም፣ መኪና ውስጥም አይደለም። ከመግጠምህ በፊት ሪሞቱን አጥፍተህ ሞተሩ ዝም ማለቱን ፈትሽ። ጅራቱን የሚይዝልህ ሰው ይኑር፤ ማንም ከፊትም ከጎንም አይቁም። ከ250 ግራም በላይ ስለሆነ በአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍ.ኤ.ኤ.) ምዝገባህንና ሪሞት አይዲህን (የአውሮፕላኑን ማንነት በሬዲዮ የሚያሰራጨውን) አትርሳ። ከዚያ 70 ሜትር ያህል ከፍ በልና በሰፊው ታጠፍ። መጀመሪያ ራደር (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራት ክፍል)፣ ተከትሎ ትንሽ ኤይለሮን። ሪሞቱ ሁለቱን እንዲያቀላቅልልህ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ግን ግራ አውራ ጣት ሥራዋን ብትለምድ እመርጣለሁ። ክንፍ ከወደቀ በኤይለሮን ለማንሳት አትታገል። ኤይለሮኑን መሐል መልስ፣ ጋዙን ቀንስ፣ ራደሩን ከሚሽከረከርበት ተቃራኒ ስጥ፣ የኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክፍል) ስቲክ ወደ ፊት ልቀቅ። ሲቆም ቀስ ብለህ አንሳው።

ጋይሮው የንፋስ መወዛወዝን ያለዝባል። የተበላሸ ኤይለሮን ላይ ከተገጠመ ግን አንተ የምታደርገውን ስህተት እሱ በፍጥነት ያደርግልሃል፤ ክንፉ ሲወርድ ያንኑ ኤይለሮን የበለጠ ያወርደዋል።

ስለ ፖቴዝ 25 ደስ ብሎኛል። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው አውሮፕላን እሱ ነው፤ ለሞዴልም ያምራል። ክንፉ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ስምንተኛ ብታደርገው ከታይገር ሞዝህ ጋር ይስተካከላል፤ መኪናህም ይችለዋል። የታችኛው ክንፍ ከላይኛው በጣም ያንሳል፤ ስለዚህ ፕላን ስትገዛ የሁለቱ ክንፎች አንግል በግልጽ የተጻፈበትን ምረጥ። ለእያንዳንዱ ኤይለሮን የራሱ ሰርቮና የራሱ ቻናል ከመጀመሪያው አስብለት፤ ክንፉን ከሸፈንክ በኋላ ሽቦ ማሳለፍ ራስ ምታት ነው።