ማዮማዬ ሆዴ ሳይከፈት ይወጣልኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ ከሐይቅ። የወር አበባዬ በጣም ይፈሳል። አልትራሳውንድ ስነሳ 5 ሴንቲ ሜትር ማዮማ (የማህፀን እጢ) አለ ተባልኩ። ደሴ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ አዲስ አበባ ሆድ ሳይከፍቱ በካሜራ ያወጡታል አለችኝ። እውነት ነው? ገና መውለድ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ጎረቤትሽ እውነቷን ነው፤ ላፓራስኮፒ ይባላል። በሙሉ ማደንዘዣ ተኝተሽ ሆድሽ በጋዝ ይነፋል። እምብርትሽ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተበስቶ ካሜራ ይገባል። ለመሣሪያዎቹ ደግሞ ሁለት ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ብዙዎች በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። አንዲት ታካሚዬ ስትነቃ «የተሠራሁት ማህፀኔን፣ የሚያመኝ ትከሻዬን!» ብላ ደነገጠች። ጋዙ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል።

ዋናው ነገር ግን ማዮማው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ወደ ማህፀን ውስጥ የገባ ከሆነ ሆድሽ ጭራሽ ሳይነካ፣ በማህፀን በር በኩል ካሜራ በማስገባት (ሂስትሮስኮፒ ይባላል) ሊወጣ ይችላል። ግድግዳው ውስጥ ከሆነ ከባዱ ሥራ ማውጣቱ ሳይሆን መስፋቱ ነው። በደንብ ያልተሰፋ ማህፀን በእርግዝና ወይም በምጥ ጊዜ ሊቀደድ ይችላል። በካሜራ እያዩ ድርብ በድርብ መስፋት ደግሞ ተጨማሪ ሥልጠናና ብዙ ልምምድ ይፈልጋል፤ የማህፀን ሐኪም ሁሉ አይሠራውም። ስለዚህ ሳታፍሪ ጠይቂ፦ «እንዲህ ዓይነቱን ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ጥሩ ሐኪም አይቀየምሽም። ማዮማው ብዙ ወይም በጣም ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሆድ ከፍቶ መሥራት ይሻላል ሊልሽ ይችላል። ይህን ደፍሮ የሚነግርሽን እመኚው።

400 ኪሎ ሜትር ከመጓዝሽ በፊት ደሴ ላይ ሁለት ነገር ጨርሺ። ማዮማው የት እንዳለ በጽሑፍ ይስጡሽ፤ ላፓራስኮፒ የሚሠራ ሐኪም በአቅራቢያሽ እንዳለም እዚያው ጠይቂ። የደም ማነስም ተመርመሪ፤ ካለብሽ ከኦፕራሲዮኑ በፊት መታከም አለበት። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይርሽ ከሆነ ወይም ካዞረሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ቅርብሽ ያለ ሆስፒታል ሂጂ።

ከተሠራሽ በኋላ መቼ ማርገዝ እንደምትችይ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይባላል። ማህፀንሽ ተሰፍቶ ከሆነ፣ ስታረግዢ ገና በመጀመሪያው ክትትል «ማህፀኔ ተሰፍቷል» በይ። ቤት መውለድ ላንቺ አይሆንም፤ ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል ነው የምትወልጂው።