ለእንቁጣጣሽ ብለው አይቀቡት

የቤት ቀለም ጥያቄዎቻችሁን አንጋፋው ቀለም ቀቢያችን ይመልሳል

ጥያቄ፦ ቤታችን ድሮ በጭቃ ተሠርቶ ኋላ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። የልጄ መኝታ ክፍል ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ እያበጠ ይላጣል። ሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለበት። አምና ጳጉሜን ላይ አስቀባሁት፤ ጥር ሳይገባ ተላጠ። ዘንድሮ ያነጋገርኩት ቀቢ «እስከ ወገብ ዘይት ቀለም እናልብሰው፣ ውሃ አያሳልፍም» አለኝ። ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስልኝ እፈልጋለሁ። ምን ይሻለኛል?
*ወ/ሮ ሀ.፣ ከጉለሌ*

መልስ፦ እህቴ፣ የዘይት ቀለሙን ነገር ይተዉት። ውሃ አያሳልፍም ማለቱ ልክ ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። እርስዎ ቤት ያለው ውሃ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚወጣው። መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከጀርባ ገፍቶ ያሳብጠዋል፣ አለዚያም ሽቅብ ሄዶ ዘይት ቀለሙ ካበቃበት በላይ ብቅ ይላል። ዛሬ ጉልበት ላይ ያለው ልጣጭ ለከርሞ ደረት ላይ ይደርሳል።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። የመሬቱ እርጥበት ከአፈሩና ከሲሚንቶው ያሟሟውን ጨው ይዞ ይወጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። በደረቅ ብሩሽ ጠርገው ይጣሉት። በውሃ ካጠቡት ግን ሟሙቶ ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

አሁን ወደ በዓሉ ልምጣ። ጳጉሜን ላይ አዲስ አበባ ሮለር ያልያዘ ሰው የለም፤ የእኔም የሙያ ጓደኞቼም እንጀራ የሚጋገረው በዚያ ሰሞን ነው። ግን ሐምሌንና ነሐሴን ሲጠጣ የከረመ ግድግዳ ከዚያ የባሰ የሚርስበት ጊዜ የለውም። የአምናው ቀቢዎ ምናልባት ጥሩ ቀለም ተጠቅሞ ይሆናል። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የትኛውም ቀለም አይዝም።

ቀለም ከመግዛትዎ በፊት የዚያን ግድግዳ ውጭ ዞረው ይዩ። አሸንዳው ተቀዶ ግድግዳው ሥር ያንጠባጥባል? የልብስ እጣቢ የሚደፋው እዚያ ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ የውጭው አፈር ከቤቱ ወለል ከፍ ብሏል? በጭቃ ቤቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የማየው ይህንኑ ነው፦ በየዓመቱ ትንሽ አፈር፣ ትንሽ የአበባ መደብ እየተጨመረ መሬቱ ከወለሉ በላይ ይሆናል። ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል አስቆፍረው ውሃው የሚሄድበት ቦይ ያውጡለት። ይህ ካልተሠራ ቀሪው ምክሬ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚያ ግድግዳው ይድረቅ። መድረቁን ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ቆርጠው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ያሽጉትና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ከላስቲኩ በስተጀርባ ጤዛ ከያዘ ገና ነው። ጤዛው በክፍሉ በኩል ከሆነ ደግሞ ነገሩ የትንፋሽና የእንፋሎት ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ፀሐይና ነፋስ ሥራውን ይሠሩልዎታል።

ሲደርቅ ልስኑን በጣት አንጓ ያንኳኩት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ይፍረስና በኖራና በአሸዋ ይለሰን፤ ሲሚንቶ ብቻውን ጭቃውን አፍኖ ይይዘዋል። አዲሱን ልስን አራት ሳምንት ያህል ሳይነኩት ይቆዩ። ከዚያ የማያብረቀርቅ ውሃ ቀለም፣ የመጀመሪያውን ዙር በውሃ አቅጥነው፣ ይቀቡት።

ለበዓሉ ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ደረቁን ግድግዳና ኮርኒሱን ያስቀቡ። የታችኛውን የላላ ቀለም ብቻ አስፍቀው ኖራ ያስነኩት። ኖራ ርካሽ ነው፣ ያስተነፍሳል። በኋላ ግን በላዩ ቀለም ከመቀባትዎ በፊት በደንብ ይፋቅ፣ አለዚያ ይዞት ይወርዳል። ሲቀቡት ለዓይን ይጠንቀቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ክፍሉ የልጅ ስለሆነ። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን የቀለም እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ በመንግሥት ደንብ የተወሰነው በቅርብ ዓመታት ነው። በሩንና የመስኮቱን ፍሬም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አያስፈትጉ። በውሃ እያራሱ ይፈተግ፣ ልጅዎም ሥራው አልቆ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ እስኪወለወል እዚያ አይግባ።

ጥያቄ፦ ቡና የምናፈላበት ጥግ ኮርኒሱ ቢጫ ሆኗል። ነጭ ቀለም ደጋግመን ቀባነው፣ ቢጫው ተመልሶ ይወጣል።
*ወ/ሮ ት.፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ የከሰልና የዕጣን ጭስ ቅባት ነው። የውሃ ቀለም ያርሰውና ወደ ላይ ይስበዋል፤ መቶ ጊዜ ቢደርቡበትም ያው ነው። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ይጠቡት፣ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ሲደርቅ አንድ ዙር የማያብረቀርቅ ነጭ ዘይት ቀለም ጥጉ ላይ ብቻ ያስቀቡ፣ አሳድረው ውሃ ቀለሙን ይደርቡ። ይኼ ኮርኒስ እንደ ወ/ሮ ሀ. ግድግዳ ከውስጥ ውሃ ስለማያወጣ ዘይት ቀለም አይጎዳውም። ቡናውን ይተዉ አልልም፤ መስኮቱን ግን ከፈት ያድርጉ፣ የከሰል ጭስ የሚያበላሸው ቀለም ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ አግብቼ ቤት ተከራየሁ። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ለሆነ ክፍል ስንት ሊትር ቀለም ልግዛ? ሻጩ ሃያ ይላል።
*ዳ.፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ሻጩ ጎረቤትህንም ሊቀባልህ አስቧል መሰለኝ። ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ ከፍታው 2.6 ከሆነ 36 ካሬ ግድም ይመጣል። በርና መስኮቱ 4 ያህል ይቀንሳሉ። አንድ ሊትር ልሙጥ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ ለሁለት ዙር ስድስት ተኩል ሊትር ይበቃሃል። ግድግዳው ሸካራ ወይም ቀለም ነክቶት የማያውቅ ከሆነ ስምንት አድርገው። ሁሉንም ባንድ ቀን ገዝተህ በአንድ ባልዲ ቀላቅለው፤ አንድ ዓይነት ነው ተብሎ ለየብቻ የተገዛ ቀለም ግድግዳው ላይ ሲገናኝ ይለያያል። የተረፈህን ክዳኑን ገጥመህ አስቀምጥ፣ የቀለሙንም ቁጥር ክዳኑ ላይ ጻፍበት። አከራይህ ስትወጣ ይጠይቅሃል።