ዜኒቱን ልያዝ ወይስ ካኖን ልግዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ዕድሜዬ 24 ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። አጎቴ በደርግ ጊዜ የገዛውን ዜኒት ኢ ካሜራ «ከፈለግህ ውሰደው» ብሎኛል። ለብዙ ዓመት ሳጥን ውስጥ ነው የኖረው። አንድ ነጋዴ ደግሞ ካኖን ኤኢ-1 ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። በጣም ያምራል፤ ዋጋው ግን ከወር ደመወዜ በላይ ነው። የምፈልገው ኩታበር ያሉትን አያቴን ከነቤታቸው በፊልም ማንሳት ነው። የቱ ይሻለኛል? ምን ምኑንስ ልይ?

መልስ፦ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ወንድሜ። የአጎትህን ዜኒት ያዝ። ካኖኑን ለጊዜው ተወው።

ካኖኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ ብዙ ሰው የወደደው ካሜራ ነው። ነገር ግን ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈው መጋረጃ፣ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ባለ 6 ቮልቷ ትንሽ ባትሪ ካለቀች አንድም ፎቶ አያነሳም። ያቺ ባትሪ ደግሞ እንደ ሬዲዮ ባትሪ ከየሱቁ የምትገኝ አይደለችም። ውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ከተበላሸም መለዋወጫው መመረት ካቆመ ቆይቷል። ለመጀመሪያ ካሜራህ ከወር ደመወዝ በላይ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንድታፈስ አልመክርህም። ያንን ብር ፊልም ግዛበት።

ዜኒት ኢ ሞስኮ አጠገብ ባለችው ክራስኖጎርስክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የተሠራ ነው። ሁለመናው ብረት፣ ጥርስና ሞላ ነው። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። አባቴ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረው። ፊልም ማጠብ የለመድኩት ከኋላ ባለችው ጨለማ ክፍል ነው። ያኔ ሠርግም መታወቂያም በዜኒት ይነሳ ነበር። ከባድ ነው፤ ከነሌንሱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። በመመልከቻው ስታይም ጨለም ይልብሃል። ግን ዕድሜ ይችላል።

ቢሆንም ሳታየው አትረከብ። አጎትህ ጋ ሂድና መስኮት አጠገብ ተቀመጥ። ጀርባውን ከመክፈትህ በፊት በግራ በኩል ያለውን የፊልም መመለሻ ቁልፍ በምልክቱ አቅጣጫ ቀስ አድርገህ አዙረው። ከከበደህ ውስጡ ፊልም አለ ማለት ነው። እንዳትከፍተው፤ የቤተሰብህ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ከቀለለህ ክፈተው።

አሁን ሌንሱን ጠምዝዘህ አውልቅ። ካሜራውን ወደ መስኮቱ አዙርና ከኋላ እያየህ ሹተሩን ወጥረህ 30 ላይ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሠላሳኛ፣ ተኩስ። አራት ማዕዘኑ በሙሉ በብርሃን ሲሞላ ማየት አለብህ። ከዚያ 60፣ 125 እያልክ እስከ 500 ሂድ። 500 ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አንዱ ጎን ብቻ ጨልሞ ከቀረ መጋረጃው እየዘገየ ነው፤ ፎቶህም ግማሹ ጥቁር ይሆናል። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ካሜራ መጀመሪያ ላይ ሊንተፋተፍ ይችላልና ደጋግመህ ሞክረው። ከፈታ ጥሩ ነው። ካልፈታ ባለሙያ ይየው። የሹተሩ መጋረጃ ጨርቅ ነው። የተሰነጠቀ ወይም የተጨማደደ እንዳይሆን በዓይንህ መርምረው፤ በጣትህ ግን እንዳትነካው።

ከሁሉም በላይ ሌንሱን አጥብቀህ እይ። አብዛኛውን ጊዜ ሄሊዮስ 44-2 የሚባለው ነው የሚመጣበት። ለሰው ፊት ውብ ሌንስ ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምልህ። የሌንሱን ቀዳዳ 2 ላይ ከፍተህ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ወደ ብርሃን አንሳውና ውስጡን ተመልከት። ቀጫጭን ነጭ ክሮች ተዘርግተው ካየህ ሻጋታ ገብቶበታል። ትንሽ አቧራ ግን አያስጨንቅህ፤ ፎቶ ላይ አይታይም። ሻጋታው የሚወልደው እርጥበት ነው። ስለዚህ ካሜራውን ከተረከብክ በኋላ አሮጌው የቆዳ ማህደር ውስጥ አታኑረው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በተለይ በክረምት ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው።

ከፊት፣ ከሌንሱ በላይ ያለው የማር እንጀራ የመሰለ መስታወት ብርሃን መለኪያው ነው። በእጅህ ሸፍነው፣ ከዚያ ክፈተው። ላይ ያለው ቀስት ከተንቀሳቀሰ ሕይወት አለው። ባይንቀሳቀስም ካሜራውን አትጣለው፤ ያለ እሱም ትሠራለህ። ቢንቀሳቀስ እንኳ ሙሉ በሙሉ አትመነው፤ ብርሃኑን የሚለካበት ሴሊንየም የተባለ ንጥረ ነገር ሲያረጅ ይደክማል። የፊልሙን ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የመቀበል አቅሙን፣ ስትሞላ ዲን (DIN) የሚለውን ቁጥር ተከተል። 21 ዲን ማለት በአይኤስኦ (ISO) መለኪያ 100 ነው፤ 24 ማለት 200፤ 27 ማለት 400። የፊልሙ ካርቶን ላይም ሁለቱም ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

ዜኒቱ ፈተናውን ከወደቀ ፔንታክስ ኬ1000 ፈልግ። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 ነው የተሠራው። ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ባትሪው ቢያልቅም ሹተሩ ይሠራል።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ሄሊዮሱ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። አንደኛው የፈለግኸውን ቁጥር ይይዝልሃል። ሁለተኛው እስከዚያ ቁጥር ድረስ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከፍተህ ፎከስ ታደርጋለህ፣ ዘግተህ ትተኩሳለህ። ሳይዘጉ መተኮስ የዜኒት ጀማሪ ሁሉ ጣጣ ነው፤ ፎቶው ብርሃን በዝቶበት ይቃጠላል።

ብርሃኑን በዓይንህ ለመገመት ቀላል መነሻ አለ። ጥርት ባለ ፀሐይ ሌንሱን 16 ላይ አድርግ፤ ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር አቀራርበው። ፊልሙ 100 ከሆነ 125፣ 200 ከሆነ 250። ስስ ደመና ሲሆን 11፣ ሰማዩ ሲከብድ 5.6 ላይ ክፈት። ደሴና ኩታበር ከፍታ ላይ ናቸውና የቀትር ፀሐዩ ጠንካራ፣ ጥላው ድርቅ ያለ ነው። እኔ ሰው የማነሳው ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ዜኒቱ ከ500 በላይ ስለማይሄድ ለውጭ 400 ፊልም አይመችህም፤ በፀሐይ 16 ላይ ትታሰራለህ። 200 ግዛ።

ቤት ውስጥ ግን 400 ይሻልሃል። አያትህን በሩ አጠገብ አስቀምጣቸው፤ ፊታቸው ወደ ብርሃኑ ይሁን። 30 ላይ አድርገህ ሌንሱን እስከ 2 ክፈት። ክርንህን ከደረትህ አጣብቅ፣ ትንፋሽህን ያዝ። ፍላሽ አታምጣ። ቡና እያፈሉ ከሆነ አቦሉን ጠጣ፤ እሳቸውም ካሜራውን ይልመዱት። ሰው ካሜራውን ሲረሳው ነው ፊቱ የራሱ የሚሆነው። ፎከሱን ዓይናቸው ላይ አድርግ። 2 ላይ አፍንጫና ጆሮ እኩል አይጠሩም።

ፊልሙን ጥላ ውስጥ ሆነህ አጉርስ። ክዳኑን ከዘጋህ በኋላ መመለሻ ቁልፉን ወጠር አድርገህ አንድ ፎቶ አሳልፍ። በምታሳልፍበት ጊዜ ቁልፉ አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም፤ 36 ጊዜ ባዶ ትተኩሳለህ። የፎቶ መቁጠሪያውም ወደ ዜሮ የሚመለሰው በእጅ ነው።

ፊልም ከመግዛትህ በፊት ማን እንደሚያጥብልህ እወቅ። የቀለም ፊልም ሲ-41 በሚባል ኬሚካል፣ ወደ 38 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይታጠባል፤ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። ጥቁርና ነጩ ግን በ20 ዲግሪ ቤት ውስጥ ይሆናል። ለምሳሌ ኢልፎርድ ኤችፒ5 የተባለው ፊልም፣ አይዲ-11 በተባለው ማጠቢያ ሳይበረዝ፣ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው የሚፈልገው። የደሴ ውሃ ከዚያ ስለሚቀዘቅዝ ትንሽ አሙቀው፤ ቴርሞሜትር ያዝ። ለአያትህ ፎቶ ጥቁርና ነጩን እመርጥልሃለሁ። ኔጌቲቩ በደንብ ከታጠበና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለልጅ ልጆችህ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከላሊበላ ነው የምጽፈው። በገና ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲወረብ በፊልም አንስቼ ነበር። የካህናቱ ልብስ በደንብ ወጥቷል፤ ፊታቸው ግን ጥቁር ብቻ ነው። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካሜራህ ደህና ነው። የተሳሳተው ብርሃን መለኪያው ነው፤ እሱም በተፈጥሮው። መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚያስበው። ያ ሁሉ ነጭ ሲሞላበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያሳንስብሃል። ነጩ ወደ ግራጫ ይወርዳል፣ የሐበሻ ፊት ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

መፍትሔው ነጩን አለመለካት ነው። ጠጋ ማለት ከቻልክ ከፊት ላይ ብቻ ለካና ቁጥሩን ያዝ፤ ከዚያ ወደ ቦታህ ተመለስ። መጠጋት ካልቻልክ መለኪያው ከሚልህ በአንድ ደረጃ ክፈት፤ 8 ካለህ 5.6 አድርግ። ነጠላውና ጋቢው ይጠፋል ብለህ አትስጋ። የኔጌቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል። ብርሃን ያጣ ጥላን ግን የትኛውም ፎቶ ቤት መልሶ አያመጣውም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ብዙ የወሎ ሠርግና በዓል እንዲህ ሆኖ አልፏል፤ ልብሱ ተቀምጦ ሰዎቹ ጠፍተዋል። ፎቶ የምናነሳው ለፊት ነው። ፊቱን ለካ።

ሌላም አለ። ላሊበላ ላይ ጠዋት አንደኛው ግድግዳ በፀሐይ ሲበራ ጉድጓዱ ገና ጥላ ነው። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ልያዝ ካልክ አንዱን ታጣለህ። ከፀሐይዋ ወይም ከጥላው አንዱን ምረጥ። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ለማንሳት ደግሞ አስቀድመህ ካህናቱን አስፈቅድ፤ ቢፈቀድልህም ፍላሽ አትጠቀም።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነኝ። የአባቴን ዕቃ ስናነሳ ያልታጠቡ የፊልም ጥቅልሎች አገኘን። ጊዜው ያለፈበት ፊልም ይታጠባል?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማርልሽ። ይታጠባል፤ ተስፋ አትቁረጪ። መጀመሪያ ጫፉን እዪ። የፊልሙ ምላስ ከቆርቆሮው ውጭ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ገና ያልተነሳበት ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ከገባ ተነስቶበታል። እንዳትጎትቺው።

ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላም ምስል ሊሰጥ ይችላል። ሲ-41 የሚል ካለው የቀለም ፊልም ነው፤ ቀለሙ ቢዛባም ምስሉ ሊተርፍ ይችላል። ኮዳክሮም የሚል ከሆነ የድሮ የኮዳክ የቀለም ፊልም ነው፤ የራሱ እጥበት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ቆሟል፤ አሁን እንደ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚታጠበው። እስክታሳጥቢያቸው በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ አኑሪያቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትስጪ። አንዱን አሳጥቢና ውጤቱን እዪ፤ አጣቢው ከዚያ ተነስቶ የቀሩትን ሰዓት ያስተካክላል። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ካደረሰልሽ በእጁ ይያዛቸው፤ ፍተሻ ላይም በእጅ እንዲታዩ ይጠይቅ። ሻንጣ የሚፈተሽበት ራጅ ያልታጠበ ፊልም ያበላሻል።